ቅቤ የሌለበት ቂንጬ

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ከዛሬ ጀምሮ በደብረ ማርቆስ ከተማ እኔ ያላነበብኩት ጽሑፍ የለም። እሺ... በዋናው መንገድ ላይ የለም። እሺ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ። በስተግራ ያለውን ነገ እጨርሳለሁ።

የማታ ትምህርቱን ጨርሼ የምስክር ወረቀት ከተቀበልኩ ሳምንት ሆነኝ። መምህርቷ «አቶ አበረ፣ እጅዎ እንዳይረሳ የዋሉበትን ይጻፉ» ብላኛለች። ይኸው መጻፍ። ምን አስቸጋሪ ነገር አለው? በእጅ ማውራት ማለት ነው።

ዛሬ እነየብርጓል ቁርስ ቤት በፊት ለፊቱ በር ገባሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ለዳቦ ምድጃቸው እንጨት ሳቀርብ የማውቀው የጓሮውን በር ነው። አህያዬን አስሬ ባህር ዛፉን አራግፋለሁ፣ ባልየው አካለ ወልድ ትኩስ ዳቦ ይወረውርልኛል፣ እሱን እየገመጥኩ እሄዳለሁ። ለምን አልገባም ነበር? ግድግዳው ላይ የምግብ ዝርዝር አለ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እያየ ነው የሚያዘው። እኔ ምን ልል ነው? «ያንን አምጪልኝ» ልበል?

ዛሬ እኔም ቀና አልኩ። ቂንጬ። ጨጨብሳ። ፍርፍር። ፉል... ከፉል ቀጥሎ ያለው አስቸገረኝ። ስ... ፔ... ልጃቸው መቅዲ አጠገቤ ቆማ ጠበቀችኝ። አልቸኮለችም፣ ላግዝዎትም አላለች። ጨዋ ልጅ።

«ፉል ስፔሻል!» አልኩ መጨረሻ ላይ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ደንግጦ ዞረ። ትንሽ ጮኬ ነበር መሰለኝ።

ስፔሻል ማለት ለካ እንቁላል ያለበት ማለት ነው። ይኼ ሁሉ ፊደል ለአንድ እንቁላል...

ግን ምን ዓይነት ቤት ነው! አባት ከጓሮ ይጋግራል፣ እናት ማድ ቤት ትሠራለች፣ ልጅ ታስተናግዳለች። በማድ ቤቱና በአዳራሹ መሀል የኮምፔርሳቶ ግድግዳ አለ፣ ሰሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው። መቅዲ እንደ ሌላው ቤት «አንድ ፉል!» ብላ አትጮህም። በጣቷ ግድግዳውን ታንኳኳለች። ለቂንጬ አንዴ፣ ለፉል ሁለቴ። እናቷ ትሰማለች፣ ሰሃኑ በቀዳዳው ይወጣል። ጩኸት የለም፣ ግርግር የለም። እኔ ብቻ ነኝ የጮህኩት።

የካቲት 16፣ እሑድ

ቅበላ። በልቻለሁ። ከዚህ በላይ ለመጻፍ መጎንበስ ያስፈልጋል፣ መጎንበስ ደግሞ አልችልም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ሁዳዴ ሲገባ ቁርስ ቤት ምን ይሆናል? የእኛ ከተማ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስ! እኔማ ይዘጉታል ብዬ ነበር። እነየብርጓል ግን ቀኑን ገለበጡት። ቁርስ የሚጀመረው ከቅዳሴ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነው። መቅዲ በር ላይ ቆማ ሰዉን «እንደምን አደራችሁ!» እያለች ታስገባለች። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዞራ... እንደምን አደራችሁ! ሰዉም ሳቅ እያለ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል።

መሪጌታ ዓለምነው ጥግ ላይ ባለችው ወንበራቸው ነበሩ። በጾም ምግብ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ ወደዚያች ጥግ ነው የሚያየው። እሳቸው ከተቀመጡ ይቀመጣል። ያስተማሩት ግማሹን ከተማ ነው።

«አበረ፣ ማንበብ ቻልክ አሉ?»

«አዎ መሪጌታ። የቀረኝ ዳዊት ብቻ ነው።»

«እንግዲህ መዝጋት ደግሞ ተማር፣ ያንን አፍህን።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከእሳቸው አፍ ሲሆን ስድቡም ምርቃት ነው።

የጾም ቂንጬ መጣ። ጎረስኩ። ማኘክ አቆምኩ። ቅቤ! ዙሪያዬን አየሁ። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ይበላል። መሪጌታም ይበላሉ። እሳቸው እየበሉትማ ቅቤ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ይኼ ሽታ ከየት መጣ? ምላሴ ስንዴ ነው ይላል፣ አፍንጫዬ ፋሲካ ነው ይላል። በቀዳዳዋ ጎንበስ ብዬ፣

«እታለም፣ ምን አድርገሽበት ነው?» አልኳት።

«እጄን» አለች የብርጓል።

ሰሃኑን በዳቦ ጠረግሁት። እጥበት አላስፈለገውም።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ወፍጮ ቤት ወረፋው ረጅም ነበር። ሰው ሰልችቶት ቁጭ ብሏል። እኔ እያለሁ ሰው ይሰለቻል? ተነሣሁና፣

«የየብርጓልን የጾም ቂንጬ የበላ ሰው፣ ንስሐ ሳይገባ ቤቱ እንዳይገባ!» አልኩ።

«ምነው አያ አበረ?» አለች አንዲት ዘንቢል ያቀፈች ሴትዮ።

«ቅቤው ነዋ!»

ከሳቁ ብዛት ወፍጮው ራሱ ቆመ። እሺ፣ የቆመው መብራት ጠፍቶ ነው። ሳቁ ግን የእኔ ነው። ለአንድ ቂንጬ ከዚህ በላይ ምን ምስጋና አለ? ነገ እንጨት ልገዛ ጉንደ ወይን እሄዳለሁ። ለዚያ አገር ሰውም እነግረዋለሁ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ተመለስኩ። በዘጠኝ ሰዓት እነየብርጓል ቤት ገባሁ... ባዶ። ቀኑን የሳትኩ መሰለኝ። የመሪጌታ ወንበር ጠረጴዛው ሥር ገብታለች። መቅዲ በር ላይ የለችም፣ ውስጥ ተቀምጣ ጥፍሯን ትነካካለች።

«ሰዉ የት ሄደ?»

«የሚወራውን አልሰሙም ጋሼ አበረ? እማ በሁዳዴ ቅቤ ታበላለች ተባለ። መሪጌታም ቀሩ። እሳቸው ከቀሩ ማን ይመጣል?»

«ማነው ያለው?»

«እንጃ። ከወፍጮ ቤት ነው የተነሣው አሉ።»

ለካ ሰው ቀልዱን እዚያው ጥሎ ቅቤውን ብቻ ይዞ ነው የሄደው። መናገር ነበረብኝ... ዝም አልኩ። እኔ! ዝም! አፌ እንዲህ መዘጋት የሚችል ነገር መሆኑን ዛሬ ነው ያየሁት።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ነገርኳት። በጓሮ ገባሁ፣ አህያዬን እንኳ አላሰርኩም።

«እታለም፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ቅቤው።»

ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እጇን አደራረቀችና ትንሽ ድስት ከፈተች። «አሽትት» አለች። ቅቤ! «ቅመስ» አለች። ዘይት! ተራ ዘይት! እንደ ቅቤ ታነጥረዋለች ለካ። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ ትንሽ አብሽ ጨምራ በዝግታ ታበስልና ታጠልለዋለች። እዚህ እስክታደርሰው ስንት ሁዳዴ ሙሉ እያሳረረች ደፍታለች። የኮሰረቱ ቅጠል ቶሎ ከገባ ይመራል፣ ከዘገየ አይሸትም። ሰው እንዲህ ለፍቶ ለሰው ጾም ይጨነቃል? እኔ ብሆን ጨው ነስንሼ «ጾም ነው፣ ቻሉት» ነበር የምለው።

«በቃ፣ ይኼን ለሰው ልንገር!» አልኩ።

«የት? ወፍጮ ቤት?»

ድስቱን መልሼ ከደንኩት።

«በእጄ ያለችኝ ይቺው ናት አያ አበረ» አለች። «ከተወራች ነገ ቁርስ ቤቱ ሁሉ ይሠራታል። ካፍህ ብትወጣ እንጨትህን ሌላ ቤት ውሰድ።»

«እንግዲያው በማርቆስ ማይና ሰዉ ይመንሽ።»

«ለቂንጬ ብዬ ታቦት አልጠራም። ያመነኝ ይምጣ።»

እንግዲህ እውነቱን የማውቅ ሰው እኔ፣ መናገር የማልችል ሰውም እኔ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ዘዴ አገኘሁ! ማውራት እንጂ መጻፍ አልተከለከልኩም። ካርቶን ቀደድኩ፣ ከሰል ያዝኩ፣ በትልልቁ «እዚህ ቤት የጾም ምግብ ውስጥ ቅቤ የለም» ብዬ በሩ ላይ ሰቀልኩት። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ጠበቅሁ። እኔ የጻፍኩትን ሰው ቆሞ ሲያነብ... እንዴት ልበል? ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ የእኔም ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

ከአማኑኤል ከተማ የመጡ ሁለት መንገደኞች አነበቡት። ርቧቸዋል፣ ያስታውቃሉ።

«ምነው፣ ነበር እንዴ?» አለ አንደኛው።

«ባይኖር ይጽፉት ነበር?» አለ ሌላው። ሄዱ።

ወሬው ያልደረሰው መንገደኛ ነበር የቀራቸው። ለእሱም እኔ በጽሑፍ አደረስኩለት።

አካለ ወልድ ወጥቶ አነበበው። አውርዶ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ሲመለስ ትከሻዬን ነካ አደረገኝና «ጽሑፍህ ግን አምሯል» አለ። አምሯል አለ! ደስ አለኝ... በዚህ መሀል ደስ ይላል? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

እንጨቴን መለሱት።

ምድጃው አልነደደም። መቅዲ ሳትወለድ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። አካለ ወልድ አመዱን እያወጣ «ሉማሜ ያለው ወንድሜ ለእርሻው ሰው ይፈልጋል» አለ። እስከ ፋሲካ ነው? አልኩት። አመዱን ያወጣል። ከፋሲካ በኋላስ? አሁንም አመዱን ያወጣል። ዳቦ የሚሸተው ሰው አመድ ሸተተ። አህያዬ ጭነቷን ይዛ እንድትመለስ ስነዳት አልንቀሳቀስ አለች። እሷም አልገባትም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

መቅዲ ናት ያሰበችው። እናትና አባቷን፣ እኔንም ማድ ቤት ጠራችን።

«እማ፣ ግድግዳውን እናንሣው።»

«የቱን?»

«ይኼን። ስትሠሪ ሰው ይይሽ። ዘይቱ ድስት ውስጥ ከሚገባበት ጀምሮ።»

«ኮሰረቱንም ይዩት?»

«ኮሰረቱንም።»

የብርጓል ማንኪያ ጠረገች። የጠረገችውን መልሳ ጠረገች።

«ከዚያ በኋላ ሁሉም ይሠራዋል፣ እወቂው» አለ አካለ ወልድ ቀስ ብሎ።

«ይሥሩት። አንተ ሉማሜ ሄደህ፣ እኔ ምስጢሬን ታቅፌ ልቀመጥ?» ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ ምን ታያለህ? ምሳርህን አምጣ!»

ኮምፔርሳቶውን ነቃቀልነው። ከአዳራሹ ሆኜ ማድ ቤቷን አየኋት። ጥበቷ! ሁለት ሰው ቢቆም አንዱ መውጣት አለበት። ያ ሁሉ ሰሃን ከዚህች ነው የሚወጣው? መቅዲ በልማዷ ልታንኳኳ ጣቷን ዘርግታ አየር ያዘች።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ ስለሆነ ሰው ቅዳሴ እንደወጣ ነው የሚበላው። ምድጃው ነደደ፣ በእኔ እንጨት። በሩ ወለል ተደረገ። የብርጓል ነጠላዋን አደግድጋ ድስቱን ጣደች። ዘይቱን ከነጠርሙሱ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አሳየችና ቀዳች። ኮሰረቱን ስትጨምር ሽታው መንገድ ላይ ወጣ።

«ቅቤ!» አለ አንዱ ከበር ላይ።

ያቺ የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ሰዉን ገፍታ ገባችና አፍንጫዋን ድስቱ ላይ ደፋች። ማንኪያ ተቀብላ ቀመሰች። «ኧረ ዘይት ነው! በስመአብ!» አለች። ወዲያው ደግሞ፣ «ኮሰረቱ ምን ያህል ነው?»

«ዓይንሽ አላየም?» አለቻት የብርጓል።

መሪጌታ ዓለምነው በሩ ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ አላየሁም።

«ይኼን ወሬ ያመጣው ማነው?» አሉ።

ተነሣሁ። «እኔ ነኝ መሪጌታ። ቀልድ ነበር።»

መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ያቺን ወንበር ሳቡ።

«እኔ ቅቤ አለበት ብዬ አልቀረሁም» አሉ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «ምላሴ ያውቃል። መሪጌታ በሁዳዴ ቅቤ ሲበላ ታየ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው የቀረሁት። አንተ በአፍህ፣ እኔ በእግሬ ይችን ሴት በደልናት። በይ የኔ ልጅ፣ አምጪልኝ።»

በሉ። ሰው አየ። አንዱ ገባ፣ ሌላው ገባ። ቤቱ ሞላ ብል ውሸት ነው፣ ገና ጥርጣሬ ያለበትም አለ። ወዲያ ማዶ ያለው ቁርስ ቤት ባለቤትም መጥቶ በር ላይ አንገቱን አስግጎ ድስቱን ሲያጠና ነበር። የብርጓል አይታዋለች፣ አልከለለችም። አካለ ወልድ ዳቦውን ከምድጃ እያወጣ «ሰኞ እንጨት አምጣ» አለኝ። ሉማሜን አላነሣም።

ሰው ሲቀል የብርጓል ወደ እኔ መጣች። «ንስሐ ገባህ?» አለች ጮክ ብላ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፣ እሷም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

እዚህ ስደርስ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ማንበብ ጣጣው ይኼ ነው። ሁሉም የሆነ ነው፣ አንዱ ብቻ... የብርጓል አልሳቀችም። «ንስሐ ገባህ?» ማለቷ እውነት ነው፣ ሰውም ስቋል። እሷ ግን አልሳቀችም። ትንሽ አየችኝና፣ ከድስቱ ሥር የቀረውን ቂንጬ ጠርጋ ሰሃኔ ላይ ገለበጠችልኝ።