በተጠባባቂው ሰርቨር ላይም ጆሮ ላስተከሉት ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ምንዋጋው ደሴ
የሕክምና መረጃ ማዕከል ኃላፊ
ሰቆጣ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ የሰሃላ ሰዎች መኪና የሚገባበት መንገድና መብራት ከመጉደሉ በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የእርስዎን ጤንነት ግን አጥብቀን እንመኛለን፤ ቢታመሙ ሐኪሙ መዝገብዎን ከየት ያገኘዋል ብለን እንሰጋለንና።

አንደኛ፣ ስለ ትጋትዎ ላመስግን። በስብሰባ ላይ በኩራት እንዳስረዱን፣ የሕሙማን መዝገብ የተቀመጠው ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት ሰርቨሮች ላይ ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ወዲያው ይተካዋል። እርስዎን ግን ያሳሰበዎት ሠራተኛው በቢሮው ኔትወርክ ምን እያለ እንደሚያማዎት ነበር። እውነትዎን ነው፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስለዚህ ፓኬት ስኒፈር የሚባለውን፣ በኔትወርኩ የሚያልፈውን ሁሉ እያዳመጠ የሚያስቀምጥ ጆሮ ጠቢ ፕሮግራም አስጫኑ።

ሁለተኛ፣ ፍትሐዊነትዎን ላድንቅ። ባለሙያዎችዎ ቢያንስ ተጠባባቂውን ይተዉልን ብለው ቢለምኑዎት፣ ሐሜት በሁለቱም ያልፋል ብለው በሁለቱም ላይ አስጫኑት፤ ገደብ ሳያበጁለትም ሌት ተቀን ያዳምጥ አሉ። ጆሮ ጠቢው የሰማውን ሲያከማች ሲያከማች የሁለቱንም ዲስክ ሞላው፤ ሁለቱም በአንድ ጠዋት ተያይዘው ወደቁ። ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ እኩልነት በዋግ ምድር ታይቶም አይታወቅ።

በዚያው ጠዋት እህቴን ጥሩሐረግን ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል አምጥተናት ነበር። በእኛ ልማድ ቃሬዛ የሚያዘው በፈረቃ ነው። ተጠባባቂዎቹ ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ፣ ዱላቸውን እንኳ ሌላ ሰው ይይዝላቸዋል፤ የፊተኞቹ ሲደክሙ የሚተካ ትከሻ እንዳይጠፋ ነው። አልተማርንምና ተጠባባቂን ማሸከም አናውቅበትም።

ሐኪሙ ሊያዋልዳት ቢላውን አዘጋጅቶ፣ ባለፈው ወሊዷ ማደንዘዣ አፍኖ ሊገድላት እንደነበር ስንነግረው፣ የትኛው ማደንዘዣ እንደሆነ ጠየቀን። እኛ ስሙን ከየት እናውቀዋለን? የተጻፈው እርስዎ ዘንድ ነው። ቢደወል፣ ቢጠበቅ፣ ኮምፒውተሩ ዝም። መዝገቡ ሲገኝ መሽቶ ነበር። ጥሩሐረግ ተርፋለች። ልጇ ግን መዝገቡ እስኪገኝ አልጠበቀም። አንጀቴ አርሯል፣ ክቡርነትዎ፤ ይህንንም በአክብሮት እገልጻለሁ።

የሚያማዎትን ሰው ለማወቅ ከእንግዲህ ማሽን አያድክሙ፤ እኔ ነኝ፣ በአደባባይ አምቼዎታለሁ። የሩቁን ሹክሹክታ የሚለቅመው ጆሮዎ የቅርቡንም ጩኸት እንዲሰማልዎ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሰጠኝ ሙሉሰው
ከሰሃላ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ስንመለስ የፊተኞቹ ጥሩሐረግን ተሸከሙ። ተጠባባቂዎቹም በዚህ ጉዞ ባዶ እጃቸውን አልሄዱም፤ በነጠላ የጠቀለልነውን ሕፃን እየተቀባበሉ ይዘውት ሄዱ። ልማዳችንን ስላሻሻሉልን እናመሰግናለን።