ውኃ የጠጣችው ሱባሩ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 1985

ተራ ቀን። አብረውኝ ለሚኖሩት ለአባ አዳሙ ሻያቸውን በቴርሞስ፣ መድኃኒታቸውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ከሕንጻው ሥር ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ።

የምሠራበት የመኪና ወርክሾፕ ውስጥ ሥራ በዝቷል። መኪናቸው እንዲፈጥን የሚፈልጉ ወጣቶች ከአሽዶድም ከቤርሳቤህም ይመጣሉ። ከመኪናው ጋር የመጣው የአየር ማጣሪያ፣ ፊልትሮው፣ ከነሣጥኑ ይወጣና እኛ የምንሠራው ሾጣጣ ፊልትሮ ከነቱቦው ይገባል። ሞተር አየር እንደልቡ ሲስብ ጉልበቱ ይጨምራል፤ ነገሩ ይኸው ነው። እኔ የጥጥ ጨርቁን እያጠፍኩ ቀይ ዘይት አጠጣለሁ፤ አብሮኝ የሚሠራው አግደው ይገጥማል።

እጄ ከዘይቱ ብዛት ቀልቶ ቢያይ መዳፌ ላይ ስኳር ነስንሶ የሳህን ሳሙና ጠብ አደረገልኝ። በዚህ ይለቃል አለ። ለቀቀም። ከዚያ በኋላ መዳፌን ስንቴ አየሁት... ምን ነካኝ?

እሑድ፣ ኅዳር 20

አግደው ፊልትሮውን በራሱ ሱባሩ መኪና ላይ ገጠመ። አሮጌ ናት፣ ነጭ። የወርክሾፑ ባለቤት ኤቭያታር ሂዱና ዳገት ላይ ሞክሯት አለን። እኔ ለምን እንደተጨመርኩ አላውቅም... አውቃለሁ።

ወደ ቤት ጉቭሪን የሚወስደውን መንገድ ያዝን። ድምጿ ሌላ ሆኗል፤ ታጓራለች። ዳገቱ ላይ ግን ከበፊቱ ባሰባት፤ የጭነት መኪና ሳይቀር አለፈን። አግደው አቁሞ ኮፈኑን ከፈተና እጁን ወደ ፊልትሮው አስጠጋ። እኔም እንዳስጠጋ አደረገኝ። እሳት ነው። ከሞተሩ የሚወጣውን ሙቀት መልሳ እየሳበች ነው፣ ትኩስ አየር ስስ ነው፣ ጉልበት አይሰጥም አለ። ቱቦውን አርዝሞ አፉን ከፊት ወደ ታች፣ ቀዝቃዛ ንፋስ ወደሚመታው ቦታ ሊያወርደው ነው።

እዚያው መንገድ ዳር ስለ ወርቅነህ ጠየቀኝ። ባሌ እንደነበረ፣ ሱዳን ካምፕ ውስጥ ታሞ እንደሞተብኝ፣ በሰባ ሰባት ብቻዬን ወደ ቅድስት አገር እንደገባሁ ነገርኩት። እሱም እናቱን እዚያው ቀብሯል።  ኮፈኑን ዘጋና ወደ መኪናዋ ተመለስን።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 1

ቱቦው ወረደ። ያንኑ ዳገት ሳታቃስት ወጣችው። አግደው እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

 ቁልቁል ስንመለስ መንገዱን እያየ፣ "ሽማግሌ ብልክስ?" አለኝ።

ወደ ማን? አባቴ ሞቷል፣ ወንድም የለኝም። እዚህ ያሉኝ አባ አዳሙ ብቻ ናቸው። የወርቅነህ አባት። ካቻምና ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመጡ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ልጃቸው የት እንደተቀበረ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ አብረን ነን። ለእኚህ ሰው ምን ብዬ ልንገራቸው? ልጃቸውን ሁለተኛ ልቅበርባቸው?

ጊዜ ስጠኝ አልኩት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 4

አልነገርኳቸውም። ሳል ይዟቸዋል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 15፣ አሽቀሎን፣ ሆስፒታል

አባ አዳሙ አሁን ተኝተዋል። 

ትናንት ጠዋት ትንፋሽ አጠራቸው። ከንፈራቸው ጠቆረ። ከጎረቤት ቤት ስልክ ደወልኩ፤ መንገዱ ጎርፍ ነው፣ አምቡላንስ ይዘገያል አሉ። ዝናቡ ከሰንበት ጀምሮ አላባራም። አግደው ወደ ሥራ ሊወስደኝ መጥቶ ነበር። አቅፎ አወረዳቸውና ሱባሩዋ ውስጥ አስገባቸው።

ከከተማው ወጣ እንዳልን መንገዱ ጎድጎድ የሚልበት ቦታ ውኃ ተኝቷል። ጥልቅ አልመሰለንም። ከፊታችን የነበረች ሌላ ሱባሩ በደህና አለፈች። የእኛዋ መሃል ስትደርስ አንዴ ጓ ብላ ሞተሯ ጠፋ። አግደው ቁልፉን ሊያዞር እጁን ሰደደና ተወው።

"ውኃ ጠጣች" አለ። "ቱቦው..."

በዚያ ዝቅ ባለው የቱቦ አፍ፣ በአየር ፈንታ ውኃ ስባለች።

 አባ አዳሙን አዝሎ ውኃው ውስጥ ወረደ። እኔ ጃኬቱን ከላያቸው ዘርግቼ ከኋላ ተከተልኩ። ውኃው ጉልበቱን አልፎ ነበር። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ትከሻው መሃል አስደግፈዋል፣ እንደ ሕፃን። ማዶ ስንወጣ ድንች የጫነ መኪና አነሣን።

ሳንባቸው ነው አለች ሐኪሟ። በጊዜ ደርሳችኋል አለች። አግደው እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ይድናሉ ስለው ራሱን ነቀነቀ።

"ልገድላቸው ነበር" ብሎኝ ሄደ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 19

ዛሬ የኦክስጅኑን ጭምብል አወለቁላቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ማን እንዳዘላቸው ነው። አግደው ይባላል፣ አብሮኝ የሚሠራ ነው አልኳቸው። ወርቅነህንስ ወደ መቃብሩ ማን ተሸከመው አሉኝ። ካቻምና ይህን አልጠየቁኝም ነበር። የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ግን በደንብ ተሸከሙት አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ነርሷ አይታን መጋረጃውን ሳብ አደረገችልን።

አግደው አልመጣም። ኤቭያታርን በስልክ ጠየቅሁት። ሞተሯ ውስጡ ተሰብሯል፣ አግደው እየፈታታው ነው፣ ከሰው አይነጋገርም አለኝ።

እኔስ? እኔም እኮ ያንን ፊልትሮ ዘይት ያጠጣሁ፣ ዳገቱ ላይ አብሬ የሳቅሁ ነኝ...

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 26

ቤታችን ገባን። አባ አዳሙ አልጋውን እምቢ አሉ። ወንበር ላይ ተቀመጡና ያን ልጅ ጥሪልኝ አሉ።

መጣ። ግባ ቢሉት በሩ ላይ ቆመ። ጥፋቱ የእኔ ነው አላቸው። ውኃ እንደሚመጣ ሳላስብ፣ መኪናዬ እንድትፈጥን ብዬ ቱቦውን ያወረድኩት እኔ ነኝ አለ። 

"እኔ ቱቦ አላውቅም" አሉት። "ጀርባህን ግን አውቀዋለሁ። ጆሮዬ እዚያ ላይ ነበር። ልብህ ሲመታ እየሰማሁ ነው ውኃውን የተሻገርኩት።"

ገባ። ተቀመጠ። አባ አዳሙ እኔን ሥራ ሲያመላልሰኝ የከረመው ምን ፈልጎ እንደሆነ ጠየቁት። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሽማግሌ ልልክ ነበር አባ፣ አሁን ግን እንዴት አድርጌ... ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

አባ አዳሙ አንገታቸውን ደፉ። በቃ፣ ሰበርኳቸው አልኩ በልቤ።

"ምራቴ ብቻ ብትሆን ይከፋኝ ነበር" አሉ። "እሷ ግን ልጄ ናት። ልጅ ደግሞ ትዳራለች።"

ሰኞ፣ ጥር 17

ሱባሩዋ ሌላ ሞተር ገባላት፣ ከወደቀች መኪና የተፈታ። የቱቦውን አፍ አግደው ከፍ አድርጎ ከመብራቱ ኋላ ሰቀለው። እንደ በፊቱ ዳገት አትበላም፤ ይሁን፣ ታድርሰን አለ። ወደ ታች የወረደውን ቱቦ ለማንም አልገጥምም ብሎ ለኤቭያታር ነገረው። ኤቭያታር አጉረመረመ፣ ኋላ ተስማማ።

እሑድ፣ የካቲት 21

አግደው የላካቸው ሽማግሌዎች መጡ። ዘመዳሞች አለመሆናችን እንዲታወቅ ዘር እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል። የአግደውን አጎቱ ቆጠረለት። የእኔ ተራ ሲደርስ ጓዳ ውስጥ ሆኜ ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። እኔ ከቅድመ አያቴ በላይ አላውቅም። ማን ይቆጥርልኛል?

አባ አዳሙ ተነሡ። ዓይናቸውን ጨፍነው አባቴን ጠሩ። አያቴን። ቅድመ አያቴን። ከዚያም ሰምቻቸው የማላውቃቸውን፣ አንድም ሳይስቱ፣ እስከ ላይ ድረስ። የት ያውቋቸዋል?

ለካ ለወርቅነህ ሊለምኑኝ የመጡ ጊዜ አባቴ ሲቆጥር ሰምተው ነው። ያኔ ለልጃቸው ብለው ስሞቹን በቃላቸው ያዙ። ይህን ሁሉ ዓመት፣ ይህን ሁሉ መንገድ...

ሲቀመጡ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለልጅቷ ምኗ እንደሆኑ ጠየቃቸው።

"አባቷ ነኝ" አሉ።