የሕመሙ ዓይነት

አንኮበር፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለምወድህ የልጅ ልጄ ለዘርአ ዳዊት፣

እንደምን ሰነበትህ? ይህን በአንድ ቃል ብቻ መልስልኝ። ባለፈው ስጠይቅህ የአሥራ አንድ ቀን እንቅልፍህን በየሰዓቱ ጽፈህ ላክህልኝ፤ ጥፋቱ የጥያቄው ነው። ተረትና ምሳሌም ትቻለሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብልህ፣ የስንት ቀን እንቁላል እንደሆነ ጠይቀኸኛልና።

በምግብ አዳራሹ ጫጫታ የተነሣ ትምህርቱን ትተህ እንደምትመጣ ስለጻፍህ፣ ባለፈው ማክሰኞ አዲስ አበባ ሄጄ የኮሌጅህን የተማሪዎች ዲን ጓድ ብርሃነ መስቀልን አነጋገርሁ። አንተን ሳላይ የተመለስሁት አስቀድሜ ሳልነግርህ ብመጣ እንደምትታወክ ስለማውቅ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ ጫጫ ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ የአውቶቡሱን ራዲዮ ችዬ ነበር፤ ከጫጫ ወዲያ ጥጡም አልረዳኝም። ከተመለስሁ ጀምሮ ተኝቼ ነበር፤ ዛሬ ተነሣሁ።

ዲኑ ክፉ ሰው አይደለም። ለብቻህ እንድትበላና እንድትፈተን የሚፈቅድ ቅጽ አወጣና «የሕመሙ ዓይነት» ከሚለው ፊት በእርሳስ «የአእምሮ ሕመም» ብሎ ጻፈ።

«ይህ ከተጻፈበት በኋላ አስተማሪ ሆኖ ይመደባል?» አልሁት።

«አይመስለኝም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ያጥፉልኝ።»

«ታዲያ ምን ልበለው? ስም ያስፈልገዋል እኮ።»

ስሙን አላውቀውም። አንተን የመረመረህ የደብረ ብርሃኑ ሐኪምም አላወቀውም። እንደ አስተማሪነቴ ዘመን ብዕሬን አውጥቼ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ጫጫታ ያመዋል። የተነገረውን እንደ ቃሉ ይቀበላል። ድንገተኛ ለውጥ ያስጨንቀዋል። አይዋሽም። ጸጥታ ካገኘ ከማንም አያንስም።»

«እማማ፣ መስመሩ እኮ አንድ ነው» አለኝ።

«ጀርባው ባዶ ነው» ብዬ ገለበጥሁት።

«እርስዎ ያስተማሯቸው ልጆች አሳዘኑኝ» እያለ ፈረመ።

ሰኞ ሚያዝያ 25 ቀን ከቀኑ በስድስት ሰዓት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሂድ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳህን ከመጻሕፍቱ በስተጀርባ ባለው ክፍል ትበላለህ፤ ፈተናም እዚያው ትፈተናለህ። ቁልፉ ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከወይዘሮ አልታየች ዘንድ ነው። ስትበላ ደርሰህ «እንብላ» ካለችህ ሰላምታ ነው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» በልና እለፍ፤ ምግቧን አትንካ። ትምህርቱን ጥለህ ከመጣህ ግን ፊርማው ይሰረዛል፤ ሁለተኛ ሄጄ ለማስፈረም አቅም የለኝም። ይህን ልክ እንደተጻፈው ተረዳው።

አዳሪ ትምህርት ቤትን እኔ እንዴት እንደቻልሁት ጠይቀኸኝ ነበር። አልቻልሁትም። የልብስ ክፍሉ ኃላፊ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከአንሶላዎቹ መካከል ታስቀምጠኝና በሩን ትዘጋልኝ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ። ያን ጊዜ የሴት ልጅ ዝምታ ጨዋነት ይባል ስለነበር፣ ምን ሆነች ብሎ የጠየቀ የለም።

እግዚአብሔር የሚታገሥህ ሰው አያሳጣህ፤ ቀንህንም ጸጥ ያለ ያድርግልህ።

አያትህ
ወለተሐና