ቅዳሜ ጥር 20 ቀን መብራት ነበረ

መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር የከተማችን የመብራት ጉዳይ ኃላፊ
መቱ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን፣ በዝናብ ምሰሶ ላይ የሚወጡትን ሠራተኞችዎንና በር ላይ ቆመው «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ማለት የማይሰለቻቸውን የጥበቃ ባልደረባዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከኅሊናዬ በቀር የሚያመኝ የለም።

ስሜ ብሥራት ወልደ የሱስ ይባላል። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው አቤቱታ በአፋን ኦሮሞ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ይህንኛውን በአማርኛ የጻፍኩት እናቴ ጥፋት ሳጠፋ የምትቆጣኝ በአማርኛ ስለ ነበረ ነው፤ ነገሩ እየቆየ ይገባዎታል።

አመልካቿ ጎረቤቴ እትዬ አስካለማርያም ናቸው። አንዲት ልጃቸው ዳናዊት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች በጥር 2015 በድንገተኛ ሕመም ዐረፈችባቸው። እንደሚያውቁት በእኛ ወግ እናት የልጇን ፎቶ እያየች እንዳትጎዳ ተብሎ ፎቶው ሁሉ በሣልስቱ ከቤት ይወጣል፤ ልቧ ረጋ ሲል፣ ብዙ ጊዜም በሙት ዓመቱ፣ ይመለስላታል። የግድግዳውን ሴቶቹ ሰብስበው ወሰዱ። የስልካቸውን የሚያወጣ ሰው ሲፈለግ ግን በሰፈሩ ኮምፒውተር ያለኝ እኔ ነኝና ሚሞሪ ካርዱ ተነቅሎ ለእኔ ተሰጠ። ሁሉንም ወደ ቤትህ ገልብጥ፣ ካርዱ ላይ አንድም እንዳይቀር አጥፋ፣ ብለው ሽማግሌዎቹ አዘዙኝ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ተባብለን ተለያየን።

ዓመቱ ደረሰ፤ የግድግዳዎቹ ፎቶዎች ተመለሱ። እትዬ አስካለማርያም እኔ ቤት መጥተው ከሁሉ አብልጠው የሚናፍቁትን አንድ ቪዲዮ ጠየቁኝ። ዳናዊት የእናቷን ስልክ ተውሳ ከጓደኞቿ ጋር ሶር ፏፏቴ የሄደች ዕለት የተቀረጸ ነው። መጨረሻው ላይ ወደ ካሜራው ቀርባ ለእናቷ አንድ ነገር ትላለች፤ ያኔ ግን በውኃው ጩኸት የተነሣ እሳቸው በደንብ አልሰሙትም ነበር። ልጅቱም ደግሞ ትነግረኛለች ብለው ሳይጠይቋት ቀሩ። አሁን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ቀስ ብለው ሊሰሙት ነው የመጡት።

የፎቶውን ፎልደር ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ አቃሰተ፣ ስክሪኑ ደረቀ፣ ከዚያም ራሱ ጠፍቶ ራሱ ተነሣ። ደገምኩት፤ ደገመው። ማመልከቻ ይከፍታል፣ መዝሙር ያጫውታል፣ ያንን ፎልደር ስነካው ግን ይወድቃል። እትዬ አስካለማርያም ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ምን ሆነ አሉኝ። እኔም ሳላስበው፣ ምላሴ ለምዶት፣ መብራት ነው አልኩ።

እንግዲህ በክቡርነትዎ ላይ ያለኝን ቅሬታ እንደ ሙያዬ ወግ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. የመሥሪያ ቤትዎ ስም በዚህ ከተማ ይህን ያህል ገናና ባይሆን ኖሮ ውሸቴ አንድ ቀን ባልዋለ ነበር። ማስረጃ አምጣ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ባጃጅ ነጂው የእኔንም ቴሌቪዥን በልቶታል ብሎ አጽናናኝ፤ ባለሱቋ ኡምሰልማ ፍሪጇን ከፍታ የምስር ክክ መደርደሪያ እንዳደረገችው አሳየችኝ። ከዳሪሙ ወረዳ በእግራቸው መጥተው ችሎት የሚያመልጣቸው ባለጉዳዮቼ እንኳ እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ሰበብ አግኝተው አያውቁም። ስለዚህ አገልግሎትዎ የማመሰግንበት ቃል ያጥረኛል።

፪ኛ. ሰበቡ ስላማረብኝ እኔም አመንኩት። በክቡርነትዎ ላይ ባለኝ እምነት ተመርቼ መብራት የሚያመጣጥን ስታቢላይዘር ገጠምኩ፤ ሽፋኑን ፈትቼ አቧራውን በአፌ ነፋሁ፤ ራም የሚሉትን ክፍሉን አውጥቼ በላጲስ ፈገፈግሁ፤ ገመድ ቀየርኩ። ሦስት ባለሙያዎች አንድ በአንድ መጥተው፣ ሦስቱም ገና ሳይቀመጡ፣ ፎርማት ይደረግ ብለው ፈረዱ። ፎርማት ማለት በውስጡ ያለው ሁሉ ይጥፋ ማለት ስለ ሆነ እምቢ አልኩ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ያደረግሁት አንድ ደግ ነገር ቢኖር ይኸው እምቢታ ነው።

፫ኛ. ከአንድ ወር መመላለስ በኋላ እትዬ አስካለማርያም አንድ ጣሳ ማር ይዘው መጡ። በእርስዎ ላይ አቤቱታ እንድጽፍላቸው ነው። ምን ብዬ ልጻፍ ስላቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «መብራት ልጄን ሁለተኛ ገደለብኝ ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው እንባ ወደ ወረቀት ስገለብጥ ብዕሬን መልሼ ያስቀመጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ማሩ እስካሁን ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ክዳኑን ለመክፈት አልደፈርኩም።

፬ኛ. አቤቱታ ያለ ማስረጃ አይቆምምና፣ ጉዳቱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልኝ ገበያው ጥግ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ሱፊያንን ጠራሁት። ሱፊያን ብሎን አልፈታም፤ ፎርማትም አላለም። ፎልደሩ ፎቶዎቹን በትንንሹ እያወጣ ማሳየቱን ትቶ ስማቸውን ብቻ እንዲዘረዝር አደረገና ከፈተው። ተከፈተ። መቶ አርባ ስድስት ፎቶ በስም በስሙ ተሰልፎ ታየ። አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቦታ አወጣቸው፤ ሁሉም ደኅና ናቸው። የቀረው የሶሩ ቪዲዮ ብቻ ነበር። ለካስ ኮምፒውተሩ በየጊዜው ይወድቅ የነበረው ያንኑ ቪዲዮ በትንሹ አውጥቶ ሊያሳየኝ ሲታገል ነው። ሱፊያንም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ይሄ ፋይል ግማሽ ነው። ገልብጦ ሳይጨርስ ማን ነቀለው?» አለኝ።

መብራት ልል አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን በጣቱ የፋይሉን ቀንና ሰዓት አሳየኝ፤ ቅዳሜ፣ ጥር 20 ቀን 2015፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት።

፭ኛ. ክቡር ሆይ፣ በዚያ ሰዓት መብራት ነበረ። ያሳዘነኝም ይህ ነው። በዓመት ውስጥ ያን ያህል ጊዜ ስትጠፉ፣ ያቺን ደቂቃ ብቻ እንኳ ብትጠፉልኝ ምን ነበረበት? ግን አልጠፋችሁም። የሐዘኑ ድንኳን አምፖል በቀትር ይበራ እንደ ነበር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህ ምን የሚሉት ብክነት ነው ብዬም አጉረምርሜአለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴው መስመር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከድንኳኑ ምሳ ቀርቧል የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀይ ወጡ ከሥሩ እንዳያልቅብኝ ሰግቼ ካርዱን ነቀልኩት። በላሁ፤ ደገምኩ፤ እጄን ታጥቤ ተመለስኩና ምን እንደ ቀረ ሳላይ፣ አንድም እንዳይቀር የተባልኩትን ትእዛዝ ለመፈጸም ካርዱን ባዶ አድርጌ መለስኩላቸው። እናት ልጇን በቀበረች በሦስተኛው ቀን እኔን ያሳሰበኝ ወጥ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው፤ ልክክ የተደረገብዎት እርስዎ ነዎት፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሱፊያን ካርዱንም ሞከረው፤ እትዬ አስካለማርያም ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ነው የሰጡኝ። በላዩ ላይ ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ስለ ተቀረጸበት የድሮው አልወጣም። ግማሹን ፋይል ግን ከብዙ ድካም በኋላ አስጀመረው። ውኃው ይወርዳል፤ ዳናዊት ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሳቀች ወደ ካሜራው ትመጣለች፤ አፏን ልትከፍት ስትል ያልቃል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላልና፣ ባለፈው ሰኞ ወገቤን አስሬ ሄድኩና ለእትዬ አስካለማርያም ተናገርኩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ መብራት አይደለም አልኳቸው። እጄን ያዙና፣ «ተው ብሥራት፤ የመብራት ሰዎችን ፈርተህ ነው» አሉኝ። ከዚያም እንዳልፈራ፣ እሳቸው ከኋላዬ እንደሚቆሙ፣ ፊርማቸውንም እንደሚያኖሩ ነገሩኝና እራት በልቼ እንድሄድ ለመኑኝ። ከሰውነት ተራ የወጣሁት ያኔ ነው። ከወር በላይ በእርስዎ ስም የዋሸሁት እንዲህ ሥር ሰድዶ፣ እውነቱን ስናገር የፈራ ደግ ሰው ሆኜ ቀረሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ካሳ አልጠይቅም፤ ትራንስፎርመርም አልጠይቅም። የምጠይቀው መዝገብዎ ተገልጦ «ቅዳሜ ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ በመቱ ከተማ መብራት ነበረ» የሚል አንዲት መስመር በፊርማና በክብ ማኅተም ተደግፋ እንድትሰጠኝ ብቻ ነው። በእኔ ቃል ያላመኑ በማኅተም ያምናሉ። የመሥሪያ ቤትዎ ባልደረቦች እንዲህ ያለ ማስረጃ ጽፈው እንደማያውቁና እጃቸው እንደሚከብድ እገነዘባለሁ፤ ከፈቀዱ ረቂቁን እኔው አዘጋጃለሁ፤ ሙያዬ ነው።

ጨለማችንንና ብርሃናችንን በትዕግሥት ለሚያከፋፍሉልን ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመስመርዎ ቀና ምሰሶ፣ ለስብሰባዎ ፍጻሜ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ትሑት ባለ ዕዳዎ
ብሥራት ወልደ የሱስ
አቤቱታ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለእትዬ አስካለማርያም፣ ባሉበት። ዓይናቸው ስለ ደከመ የሚያነብላቸው ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ እንዳላነብላቸው፣ ዘልዬ አልፋለሁና።

ማሳሰቢያ፦ የመጨረሻውን ገጽ በእጄ የጻፍኩት ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ አይደለም፤ አሁን መብራት ሄዶ ነው። ለመዝገብዎ እንዲያመች፣ የዛሬው የእናንተ ነው። የጥር ሃያው የእኔ ነው።