ሻርፔን ማን ይያዝልኝ

እናትዬ፣ የናፍቆቴ ሰላምታ ካለሽበት ይድረስሽ። ዓይንሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ደረጃውን ሰው ይዞሽ ነው የምትወርጂው ወይስ እንደ ልማድሽ “ደኅና ነኝ” እያልሽ ታታልዪኛለሽ? እኔ ጤናዬ ደኅና ነው። ይህን የሚያነብልሽ ታናሽ ወንድሜ አንድም ቃል እንዳይዘል፤ አመሉን አውቀዋለሁ።

ያ የማሳድገው፣ ነብሮ የምለው ልጅ ትዝ ይልሻል? አራት ዓመት ሳይሞላው መዋዕለ ሕፃናቱን በንክሻ አስለቅሶ ሊያባርሩት ነበር። እናቱ ቅብጠት ነው አለች፤ አባቱ ቁጣ ያስተካክለዋል አለ። መምህርቷ ግን ከመንከሱ በፊት ምን እንደሚሆን ልብ በዪ አለችኝ። ሳይ፣ ለካ የሚነክሰው፣ ሰው ሊወጣ ጫማ ሲያደርግ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ሞግዚቶች፣ እንዳያለቅስ ተብሎ፣ ተኝቶ ሳለ ነው ሹልክ ብለው የሄዱት።

አንቺ ገበያ ስትሄጂ ሻርፕሽን “መያዣ ነው” ብለሽ ትሰጪኝ አልነበር? እኔም ሱቅ ስሄድ ሻርፔን ሰጠሁት፤ ስመለስ ተቀበልኩት። መጀመሪያ ጫፉን አኘከው። ውሎ አድሮ መንከሱን እርግፍ አድርጎ ተወ። መምህርቷ ምን አዞርሽበት ብላ ሳቀች።

ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። ውሌ አለቀ። ፓስፖርቴን ይከለክሉኛል ብዬ ስፈራ እመቤቲቱ ራሷ አምጥታ ሰጠችኝና፣ “በሩ ክፍት ነው፤ ግን ልጄን ለማን ትተዪዋለሽ?” አለችኝ። ቢቆልፉብኝ ይሻለኝ ነበር፤ የቆለፈብኝን እረግም ነበር። ሻርፔን ትቼለት ብሄድ ዋሸሁት፤ ይዤው ብሄድ ገና ከበር ሳልወጣ ያውቃል። በዚያ ላይ “ዓይኔ ሳይጠፋ ድረሺልኝ” ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣም። ጨነቀኝ፣ እማ።

ትናንት ቁርጡን ነገርኩት፤ ወደ እናቴ ልሄድ ነው፣ አልመለስም አልኩት። አልነከሰኝም። ሻርፔን አምጥቶ አንገቴ ላይ ጣለልኝ። ከዚያ የአንድ እግር ጫማውን አውልቆ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተና፣ “መያዣ ነው፤ ስትመጪ ትሰጪኛለሽ” አለኝ።

ዛሬ ሌላ ጫማ አላደርግም ስላለ፣ አንድ እግሩ በካልሲ እንዳለ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ይዤው ሄድኩ። ጫማውን ከሻንጣዬ ላወጣው እጄ እንቢ አለኝ። የመሄጃዬን ቀን አዛወርኩት። እስከ መቼ እንደማዛውረው አላውቅም።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። እህቴን ከነሆዷ ሰላም በይልኝ፤ በሰላም ትገላገል። አንባቢውን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። ላንቺ ሻርፔን ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። ካንቺ ጋ ይቆይልኝ፤ መያዣ ነው።

ልጅሽ
ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ግንቦት ፳፯