አራት ጣት ሽመና

ውድ አባዬ፣

በቁምህ ያልነገርኩህን አሁን ልናዘዝ። አንድ ቀን ለጽዳት ሥራ ወጥተህ ሳለ ከሸማ መሥሪያህ ላይ ተቀምጬ የጀመርከውን ጋቢ ሸምኛለሁ፤ አራት ጣት ያህል። «ሴት ትፍተል እንጂ ከዚህ አትቀመጥም» ያልከኝን ረስቼው አይደለም። እንዲያውም ስላልረሳሁት ነው የተቀመጥኩት።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከሽሮ ሜዳ ወጥተን ለንደን፣ ሆሎዌይ ስንገባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሸማኔ እግር ጉድጓድ አይቆፈር ነገር፣ በለቃቀምከው ጣውላ ከፍ ያለ መቀመጫ ሠርተህ እግርህን አንጠልጥለህ ትሸምን ነበር። ማጉን በመታህ ቁጥር የታችኛዋ ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትደበድባለች፤ አንተም «አብራኝ ትሠራለች» ብለህ ትስቃለህ። እኔን ከመቀመጫው አጠገብ ስታይ ግን ሳቅህ ይጠፋል።

ያን ቀን ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ማጉን አለቅጥ እየሳብኩት የሸማው ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባብኝ። ደንግጬ ክፍሌን ዘግቼ ቁጣህን ጠበቅኩ። አልመጣም። በማግስቱ ጋቢውን ስትቀጥል ሰማሁና የኔን ፈትተህ ጥለኸዋል ብዬ ደመደምኩ። አኮረፍኩህ። ከ«ደህና ዋልክ» በቀር ሳላናግርህ ሦስት ሳምንት አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከአውቶቡስ ስትወርድ ልብህ ቆመ።

ቤቱን ማስረከብ ነበረብኝ። ያላለቀውን ጋቢ በመቀስ ቆርጬ፣ እንደተጠቀለለ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ጥቅሉን ዘርግቼ ለማየት ድፍረቱ አልነበረኝም። ስቶክዌል ክፍል ተከራየሁ፤ ድምፅህ ግን ተከተለኝ። ቁርስ ስበላ፣ ፀጉሬን ስታጠብ፣ ከግድግዳው ማዶ ማጉን ስትመታ እሰማሃለሁ። አብራኝ የምትኖረውን ሶልያናን ይሰማት እንደሆን ጠየቅኳት። «ኖ፣ ምንም የለም። ፕሊስ ዶክተር ቡክ አድርጊ» አለችኝ።

እኔ ቡክ ያደረግኩት በረራ ነው። ሂማላያ ተራሮች ላይ ባለችው ቡታን ሴቶች እንደሚሸምኑ አንብቤ ነበር። ከዋና ከተማዋ ከቲምፑ ወደ ምሥራቅ ሁለት ቀን በመኪና ሄደን፣ ዶርጂ የሚባለው አስጎብኚዬ ፔማ ከምትባል ሸማኔ ቤት አደረሰኝ። ፔማ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ድሩን በሰፊ መቀነት ከወገቧ ጋር ወጥራ፣ ኪራ የሚሉትን የሴት ልብስ ትሸምናለች። በእንጨቷ ማጉን ስትመታ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ዶርጂ እየሳቀ ድምፁ አስደነገጠሽ ወይ አለኝ። ለካ እሱም ሰምቶታል። ከሞትክ ወዲህ ያን ድምፅ ሌላ ሰው ሲሰማልኝ ያ የመጀመሪያው ነበርና አለቀስኩ።

ከዚያ ፌስታሉን አወጣሁ። ካለፍክ በኋላ፣ ያልተቆጣኸኝ ምናልባት ሳታየው ቀርተህ ይሆን የሚል ጥርጣሬ ገብቶኝ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው፤ ሸማኔ በሥራው ውስጥ የሌላ ሰው እጅ ቢገባበት ያውቃል ወይ? ለንደን ውስጥ የማውቀው ሸማኔ አንተ ብቻ ነበርክ።

ፔማ ጋቢህን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ሄደች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። ይህን የሠራው ማን እንደሆነ በዶርጂ በኩል ጠየቀችኝ። አልፈታኸውም ነበር፣ አባዬ። አራቱ ጣቴ እዚያው አለ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «አባቴ ሳያየኝ።»

ፔማ «አይደለም» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ጣቴን ይዛ ካንተ ሽመና ጀምራ በኔ ላይ አሳልፋ እንደገና ወዳንተ ወሰደችኝ። ከኔ በኋላ ያለው ሸማ ጠባብ ሆኖ ይጀምርና፣ ክር በክር እየሰፋ፣ አንድ ክንድ ያህል ሄዶ ወደ ቀድሞ ወርዱ ይመለሳል። ዶርጂ ቃሏን እየተከተለ ተረጎመልኝ፦

«አይቷል። ያላየ ሰው እንዲህ አያስተካክልም። ያንቺን ላለመፍታት ነው ይህን ሁሉ የደከመው።»

አንዲት ክር ብትዛነፍብህ ቀኑን ሙሉ ስትፈታ የምትውል ሰው ነበርክ። ለምን አልነገርከኝም? በሬን አንኳኩተህ «ነይ፣ እንዲህ ነው የሚያዘው» ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔስ ወጥቼ ብጠይቅህ? ከግድግዳው ማዶ የኔን ጥፋት በትዕግሥት ስታስተካክል፣ እኔ ከወዲህ ተኝቼ ስረግምህ ነበር። ይህ ያንገበግበኛል።

ከተመለስኩ አንድ ወር ሆነኝ። ድምፅህ ዛሬም አልተወኝም። ቡታን እስክሄድ ድረስ ቁጣህ መስሎኝ ራዲዮ እየከፈትኩ ስሸሸው ኖሬያለሁ። አሁን ሲጀምር ራዲዮውን አጥፍቼ ግድግዳውን ተደግፌ እቀመጣለሁ። አንዳንድ ቀን ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ሥራ መሄድ ያቅተኛል።

እባክህ፣ አባዬ፣ እንዳታቆም።

ልጅህ
ፋና አምሃ
ስቶክዌል፣ ለንደን