ሌንሱ ያልተጻፈባቸው ምስሎች

የካቲት 3፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

መብራት የለም፤ ማራገቢያው ቆሟል። የማይክሮስኮፕ መስታወቶቼን፣ ስላይዶቹን፣ እያጠብሁ ነው። ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ የምትነገር ትንሽ ቅሌት አለችኝ። ጅማ ላለችው ተማሪ፣ ለሄለን፣ የአምባዛ ደም ምስሎቼን በሙሉ ላክሁላት፤ ለመመረቂያ ጥናቷ ትጠቀምባቸው ብዬ። ከአልዌሮ ግድብ የተጠመዱ አሳዎች ናቸው፤ የደም ሕዋሳቸውን በማይክሮስኮፕ ያነሳሁት እኔ። የፋይሎቹን ስም ሳላይ ላክሁ። ስም የማወጣው ደግሞ የዕለቱን ውሎዬን እያየሁ ነው። ዛሬ ገልጬ ባያቸው፦ «እሑድ ብቻዬን ሩዝ»። «ማንም አልደወለም 2»። እስከ 14 ይሄዳል።

የካቲት 5

ሄለን ደወለች። ስለ ስሞቹ ትንፍሽ አላለችም። የጨዋ ልጅ።

የካቲት 10

በየቀኑ 11 ሰዓት ላይ ትደውላለች። ስለ ሕዋስ እንጀምርና ስለ አከራይዋ ባል እንጨርሳለን። መጀመሪያ አንቱ ትለኝ ነበር፤ አሁን አክስቴ ሆኛለሁ። ጋምቤላ ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ የሚፈልገኝ ሰው አልነበረም።

የካቲት 11

ልጅቷ በደስታ ልትበር ነው። ግማሾቹ ሕዋሳት ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ያበጡ ናቸው፤ የግድቡ ውኃ አሳውን አሳምሞታል ትላለች። አማካሪዋ ወዶላታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ታቀርባለች። እሰይ አልሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምስሎቹን መልሼ ከፈትሁ። የሌንስ ዘይት ሲኖር አብልጦ በሚያጎላው በ100ው ሌንስ አነሳለሁ፤ ሲያልቅ በ40ው። የትኛው ምስል በየትኛው? አልጻፍሁም። ቀናቸውም ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ስገለብጣቸው ተበላሽቷል።

የካቲት 12

ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ኡጁሉ ነገርሁት። እሱ አንቱታ አያውቅም። «መምህር፣ አሳው ደህና ነው። አንቺ ነሽ ያሳበጥሽው» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ መዝገቡን አወጣ፤ ዘይት ፈርሜ የወሰድሁበት፣ ጠርሙሱን የመለስሁበት ቀን ሁሉ አለ። የምስሎቹ ቀን ግን ከየት ይምጣ?

ካንቺ ነዋ፣ ደብተሬ።

11 ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ። አላነሳሁም።

የካቲት 13

ቀኑን ሙሉ አንቺን ሳነብ ዋልሁ። ሩዝ የበላሁበት እሑድ፣ ኅዳር 9፤ ዘይት ነበር። ማንም ያልደወለበት ሁለተኛው ቀን፣ ኅዳር 22፤ ዘይት የለም። አንድ ባንድ አገናኘኋቸው። ሰባት ምስሎች ቀን አጡ፤ ይጣሉ። እብጠቱ ሁሉ የዘይት ቀን ነው። አሳዎቹ ጤነኛ ናቸው። ይኼን ስነግራት የልጅቷ ግኝት ይፈርሳል። የ11 ሰዓቷ ስልክም አብራ ትሄዳለች። ዝም ብል ደግሞ በሰው ፊት ቆማ የእኔን ስህተት ልታስተምር ነው።

ዛሬም ጠራ። አላነሳሁም።

የካቲት 14፣ 10፡40

ዝርዝሩን ላክሁላት። ስም፣ ቀን፣ ሌንስ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ጻፍሁ። ስሞቹን ላሳምር ብዬ ነበር፤ ግን እሷ ጋ ካሉት ጋር አይገጥሙም። ሌላ ሰውም ነገ ሊጠቀምባቸው ይችላል። «ማንም አልደወለም 14»፣ ሌንስ 40። እንዳለ ሄደ።

11፡05። ዝም።

11፡20። ዝም። ብትቆጣኝም፣ ጨርሳ ብትተወኝም፣ የሆነውን ከማንም በፊት የምትሰሚው አንቺ

ቆይ፣ ስልኩ